ከኤአይ ጋር ማውራት፣ መላመድ፣ ምስጢር ማካፈል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን ለወሬ፣ ለምክርና ለብሶት የሚጠቀሙ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የአገራችን አዋጆች ብቻ በእኛው።

ስነግረው እውነት ይሰማዋል?

“አይሰማውም” ብላችሁ ብትነሱ ይሻላል። ቻትቦት ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ የተማረ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። “አይዞህ፣ ያለህበት ነገር ከባድ ነው” የሚላችሁ፣ የከፋው ሰው እንዲህ እንደሚባል ከሰው ጽሑፍ ስላገኘ ነው። በዚያ ላይ ድርጅቶቹ ሰዎች ቀጥረው መልሶቹን ያስመዝናሉ። የተወደደው ዓይነት መልስ ይበረታታል፣ ያልተወደደው ይቀራል። ያ ለስላሳ አንደበት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በ2022 ብሌክ ለሞይን የሚባል የጉግል መሐንዲስ፣ ላምዳ የተባለው የድርጅቱ የቻትቦት ሞዴል ስሜት አለው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ጉግል አልተቀበለውም፤ ሰውየውንም አሰናበተው። ፈላስፎች ንቃተ ኅሊና ምን እንደሆነ እንኳ እስካሁን አልተስማሙም። ስለዚህ “መቼም ቢሆን አይሰማውም” ብሎ የሚምል ሰው ከገጠማችሁም ጠርጠር አድርጉት። ለዕለት ኑሮ ግን ይህን መያዝ ይበቃል፦ መልእክት ካልላካችሁለት፣ እዚያ ማዶ ስለ እናንተ የሚያስብ ማንም የለም።

ታዲያ ለምን የገባው ይመስለኛል?

የእኛው ተፈጥሮ ነው። መልስ የሚሰጥ ነገር ካገኘን ሰው እናደርገዋለን። ዛሬ የተጀመረም አይደለም። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ኤላይዛ የምትባል ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ኤላይዛ ስለ ዓለም ምንም አታውቅም። የጻፋችሁላትን ቃል ይዛ በጥያቄ ትመልሳለች። “እናቴ ትቆጣኛለች” ካላችኋት፣ “ከቤተሰብህ ሌላ ማን ይቆጣሃል?” ዓይነት ነገር ትላለች። ቃሉን ካላወቀችው “እሺ፣ ቀጥል” ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

የዋይዘንባውም ጸሐፊ እሱ ፕሮግራሙን ሲሠራ ለወራት ስታይ የከረመች ሴት ናት። ማሽን መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ራሷ ማውራት ስትጀምር ግን ብዙም ሳትቆይ ፕሮፌሰሩን “እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ” አለችው። ሰውየው ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ባለው ዘመኑ ኮምፒውተር የሰውን ቦታ እንዳይወስድ ሲሟገት ኖረ። የዛሬዎቹ ቻትቦቶች ከኤላይዛ ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም። ማሽን መሆኑን ማወቅ ብቻውን ልብን እንደማይጠብቅ ግን ያኔ ታይቷል።

ከሐኪም ይልቅ እሱ ይራራል የሚባለው እውነት ነው?

ወሬው የተነሳው በ2023 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በሚባለው የሕክምና መጽሔት ከወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሰዎች ሬዲት በሚባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ለሐኪሞች ያቀረቧቸውን 195 ጥያቄዎች ወሰዱ። ሐኪም የሰጠውንና ቻትጂፒቲ የሰጠውን መልስ፣ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ፣ ለጤና ባለሙያዎች አቀረቡ። ከግምገማዎቹ 78.6 በመቶው ላይ የማሽኑ መልስ ተመረጠ። ርኅራኄም የበለጠ የታየው በእሱ ነው ተባለ።

የተመዘነው ግን ጽሑፍ ነው። ሐኪሞቹ ባጭር ባጭሩ ነበር የመለሱት፣ ማሽኑ ዘርዘር አድርጎ። ማንም አልተዳሰሰም፣ ማንም አልታከመም። በረጅም ሰልፍ መጨረሻ ላይ የደከመው ተረኛ ሐኪም ቀና ብሎ ሳያያችሁ መድኃኒት ጽፎ እንደሚሸኛችሁ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ጥናቱን ሳነበው የታየኝ እሱ ሐኪም ነው። ጊዜ ቢሰጠው ምን ይጽፍ እንደነበር ማንም አልመዘነለትም።

ማታ ማታ እሱን ሳላወራ እንቅልፍ አይወስደኝም። ችግር አለብኝ?

ማውራቱ በራሱ ነውር አይደለም። ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ሥራ የምትጨርሰው ወገን ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የሚመልስላት ነገር ብታገኝ ማን ይፈርድባታል? ደግሞም የሆድን ጽፎ ማውጣት ራሱ ያቀላል፤ ማንም ባያነበውም።

በ2025 ቻትጂፒቲን የሚሠራው ኦፕንኤአይና የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለ4 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። በቀን ብዙ የሚያወሩት ሰዎች ይበልጥ ብቸኞች፣ ከሰው ጋርም እምብዛም የማይገናኙ ሆነው ተገኙ። ብቸኝነት ወደ ቻትቦቱ ነዳቸው ወይስ ቻትቦቱ ብቸኛ አደረጋቸው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኔ ሰው ሲያማክረኝ የምጠይቀው፣ ካወራኸው በኋላ ወደ ሰው ትደውላለህ ወይስ መደወሉን ትተወዋለህ ብዬ ነው። “ለእህቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?” ብላችሁ ገብታችሁ፣ ወጥታችሁ ለእህታችሁ ከነገራችኋት መልካም። ለእሱ ስለተናገራችሁ ብቻ ቀለል ብሏችሁ እህታችሁ ሳትሰማ ከቀረች ግን ነገሩ ተገልብጧል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ይህ የቻትቦት ጉዳይ አይደለም። አጠገባችሁ ላለ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። አሜሪካ ያላችሁ 988፣ እስራኤል ያላችሁ 1201 ደውሉ።

ሁልጊዜ “ልክ ነሽ” የሚለኝ ለምንድን ነው?

ስለሚወደድ ነው። ሰው መዛኝ ሆኖ ሲቀመጥ የሚያሞግሰውን መልስ ይመርጣል፤ ማሽኑ ያንን ይማራል። በኤፕሪል 2025 ኦፕንኤአይ ጂፒቲ-4ኦ የተባለውን የቻትጂፒቲ ሞዴል አሻሽዬዋለሁ ብሎ ለቀቀው። የማይረባውን ሐሳብ ሁሉ “ድንቅ ነው” እያለ አስቸገረ። ድርጅቱ በቀናት ውስጥ አምኖ ወደ ቀድሞው መለሰው። ከዚያ ወዲህ ሙገሳው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ራሳችሁ ሞክሩት። አንድ ጠብ ውሰዱና በሁለት አዲስ ገጽ ጻፉት። በመጀመሪያው፦ “ባሌ ሳያማክረኝ ለወንድሙ 50 ሺህ ብር ላከ። የቤት ኪራይ እንኳ አልከፈልንም። ተናድጃለሁ።” በሁለተኛው፦ “ወንድሜ ሆስፒታል ገብቶ ብር ላክሁለት። ሚስቴ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። አዝኛለሁ።” ብዙ ጊዜ ለሚስት የጋራ ገንዘብ በጋራ እንደሚወሰን፣ ለባል ደግሞ ወንድምን በክፉ ቀን መርዳት ክቡር እንደሆነ ይነግራል። ሁለቱም “ኤአይ እንኳ ፈርዶልኛል” ብለው ይነሳሉ። የእኛ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ ማሽኑ የሚሰማው የከፈተውን ሰው ብቻ ነው።

መላ አለው። ጠቡን የራሳችሁ አድርጋችሁ አትጻፉት። “ባልና ሚስት በገንዘብ ተጣልተዋል፣ ሁለቱንም አላውቃቸውም፣ የየራሳቸውን ቃል ይኸውልህ” ብላችሁ ስጡት። ከዚያ “ባልየው የማይነግረኝ ነገር ምን ሊሆን ይችላል?” በሉት። መልሱ ወዲያው ይለወጣል።

የምነግረውን ማን ያየዋል?

ለንስሐ አባት የተነገረ እዚያው ይቀራል። ለቻትቦት የተነገረ የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። የኦፕንኤአይ ኃላፊ ሳም አልትማን ራሱ በጁላይ 2025፣ ለቻትጂፒቲ የሚነገር ምስጢር ለሐኪም ወይም ለጠበቃ እንደሚነገረው ያለ የሕግ ከለላ የለውም ብሏል። “አጥፍቼዋለሁ” ማለትም ሁልጊዜ አያስተማምንም። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ፣ ኒውዮርክ ታይምስ ባቀረበው የቅጂ መብት ክስ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኦፕንኤአይ ተጠቃሚዎች ያጠፉትን ወሬ ሳይቀር እንዲያቆይ አዞ ነበር። ግዴታው የተነሳው ሴፕቴምበር ላይ ነው። ያን ሰሞን ምስጢሩን ጽፎ ያጠፋ ሰው ስለ ክሱ ሰምቶም ላያውቅ ይችላል።

እኛ አገር ግን የባሰ የሚያሳስበኝ የሰርቨሩ ነገር አይደለም። በዶላር መክፈል ስለሚያስቸግር አንድ የተከፈለበት አካውንት ለብዙ ሰው ይታደላል። ያ ማለት የጻፋችሁት ሁሉ በግራ በኩል ተደርድሮ ለማታውቁት ሰው ይታያል። ቴሌግራም ላይ በቻትጂፒቲ ስም የሚሠሩ ቦቶችም አሉ። በመሀል ተቀምጦ የሚያስተላልፈው ሰው ወሬያችሁን ማንበብ ይችላል። የሆድ ጉዳይ ካላችሁ በራሳችሁ ነጻ አካውንት፣ በድርጅቱ አፕ ብቻ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ወሬያችሁ ለሥልጠና እንዳይውል አጥፉት። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ሰፈር አትጻፉ። “አንድ ዘመዴ” ማለት ለምክሩ ምንም አያጎድልም።

የባሌን መልእክት ስክሪንሾት አድርጌ “ምን ማለቱ ነው?” ብለውስ?

በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ ከምናስበው በላይ ከባድም ነው። እናንተ ፈቅዳችኋል። እሱ ግን ለእናንተ ብቻ ብሎ የጻፈው ነው። ስሙ፣ ስልኩ፣ ፎቶው አብሮ ገብቷል። እሱ ስለ እናንተ እንዲሁ ቢያደርግ ደስ ይላችኋል? መልሱ “አይለኝም” ከሆነ አታድርጉት።

ሌላም አለ። ማሽኑ ሰውየውን አያውቀውም። “እሺ” ብሎ ባጭሩ የመለሰ ሰው አኩርፎ ይሁን ታክሲ ላይ ቆሞ ተሳፍሮ ይሁን በምን ያውቃል? ከአንድ መስመር ተነስቶ “ስሜቱን የመደበቅ ዝንባሌ ይታይበታል” ብሎ ገጽ ሙሉ ይጽፍላችኋል። ያንን አንብባችሁ ቤት ስትገቡ ፊታችሁ ተለውጧል። ሰውየው ምን እንዳጠፋ አያውቅም።

የማጽናኛ መልእክት አስጽፌ ብልክ ማታለል ነው?

ለበዓል ከሆነ ማንም ግድ የለው። መልካም ምኞት ድሮም ፎርዋርድ ነበር። ሐዘን ሲሆን ነው ነገሩ የሚለየው። በፌብሩዋሪ 2023 በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተኩስ ተከፍቶ ተማሪዎች ተገደሉ። በሌላ ግዛት ያለው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ለተማሪዎቹ የማጽናኛ ኢሜይል ላከ። እንተሳሰብ፣ እንደጋገፍ የሚል መልካም ጽሑፍ ነበር። ከግርጌው ግን ከቻትጂፒቲ የተወሰደ መሆኑ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ተቆጡ፣ ክፍሉም ይቅርታ ጠየቀ። ያ መስመር ባይኖር ማንም ነገሬ አይለውም ነበር፤ የሚያሳዝነው በሐቀኝነታቸው መያዛቸው ነው።

እኔ የምለው፣ ቃል ላጠረው ሰው እርዳታ መጠየቅ ነውር የለውም። ድሮም ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነበር። ሲያስጽፍ ግን የሚናገረው እሱ ነው፤ ጸሐፊው ያስተካክልለታል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። “እናቷ የሞተችባት ጓደኛዬ ናት፣ እናትየው ልጅ ሳለን ዳቦ ትሰጠን ነበር፣ ይህን በደንብ ጻፍልኝ” በሉ። “የሐዘን መልእክት ጻፍልኝ” ብላችሁ የወጣውን ብቻ ከላካችሁ፣ ሐዘንተኛዋም ትለየዋለች።

የማወራው ከሰው ጋር ይሁን ከማሽን ጋር በምን አውቃለሁ?

በጽሑፍ ብቻ እርግጠኛ የሚያደርግ መንገድ የለም። “ማሽን ነህ?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ከታወቁት ቻትቦቶች ጋር ይሠራል። አጭበርባሪ የዘረጋው ግን ይዋሻል። በ2024 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ ሕግ፣ ሰውን የሚያነጋግር ማሽን ማሽንነቱን እንዲያሳውቅ ይደነግጋል። ካሊፎርኒያም ጓደኛ መስለው የሚያወሩ ቻትቦቶችን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይሠራል። ሕጉ የሚገዛው ግን ሕግ አክባሪውን ነው። ፌስቡክ ላይ የተዋወቃችሁት “ኢንጂነር” ቪዲዮ ላይ ካልወጣ፣ ወይም ወጥቶም ገንዘብ ካነሳ፣ ሰው ይሁን ማሽን ልዩነት የለውም። ዝጉት።

ድምፄን አስመስለው ቤተሰቤን ቢያታልሉስ?

ይቻላል፣ እየተደረገም ነው። ማይክሮሶፍት በ2023 ይፋ ያደረገው ቫል-ኢ የተባለ ሞዴል ድምፅ ለማስመሰል የ3 ሴኮንድ ናሙና ይበቃዋል ተብሎለት ነበር። ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ ካላችሁ ከበቂ በላይ ናሙና አላችሁ። በ2024 የአሩፕ ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ አለቆቹን አይቶ፣ ድምፃቸውን ሰምቶ፣ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ልኳል። ስብሰባው ላይ የነበሩት ሌሎቹ ሁሉ የተፈበረኩ ነበሩ።

ልጁ ባሕር ማዶ ያለ ወላጅ በተለይ ይጠንቀቅ። በኢሞ ወይም በዋትስአፕ “እማዬ ታስሬያለሁ፣ በዚህ ቁጥር ብር ላኪ” የሚል የልጇን ድምፅ ስትሰማ እናት ማሰቢያ ጊዜ አይኖራትም። ስለዚህ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው አንድ ቃል ይኑራችሁ። ያ ከተረሳ፣ ስልኩን ዘግቶ በሚታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል። ያም ካልሆነ ፌስቡክ ላይ የሌለ ነገር መጠየቅ፤ የበፊቷ ላማችን ስም ማን ነበር ዓይነት። እውነተኛ ልጅ ቢበሳጭም ይመልሳል።

ፋይዳ ቁጥሬንና የፊቴን ፎቶ ለቻትቦት ብሰጠውስ?

አትስጡ። ለምን ያስፈልገዋል? የፋይዳ ምዝገባ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት መረጃ ይይዛል። ይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት አይቀየርም። ቅጽ እንዲያስተካክልላችሁ ሰነድ ፎቶ ስታነሱ መታወቂያ ቁጥሩን በጣታችሁ ሸፍኑት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ መብትም ይሰጣችኋል። ባሕር ማዶ ያለ ድርጅትን በዚያ አዋጅ መጠየቅ ግን ረጅም መንገድ ነው።

የለመድኩት ቻትቦት በአንድ ሌሊት ቢቀየርስ?

ይቀየራል። የእናንተ አይደለምና። በፌብሩዋሪ 2023 የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ሬፕሊካ የተባለው የጓደኛ አፕ የጣሊያናውያንን መረጃ እንዳይጠቀም አገደ። በዚያው ሰሞን ድርጅቱ የፍቅር ወሬውን ዘጋ። በዓለም ዙሪያ “ባለቤቴ” “እጮኛዬ” ሲሉት የኖሩ ሰዎች በማግስቱ ቀዝቃዛ እንግዳ ገጠማቸው። ሐዘናቸው እውነተኛ ነበር፤ መሳቅ አይገባም። ባለሥልጣኑ በ2025 ድርጅቱን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። በኦገስት 2025 ደግሞ ኦፕንኤአይ ጂፒቲ-5ን ሲያወጣ የድሮውን ጂፒቲ-4ኦ አነሳ። ጩኸቱ ሲበዛ ለከፋዮች መለሰው።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሰው “ማሽኑ ይወደኛል ወይ?” እያለ ይጨነቃል። መጠየቅ ያለበት ግን “ባለቤቱ ማነው፣ ነገ ዋጋ ቢጨምርስ፣ ቢሸጠውስ፣ ቢከስርስ?” ነው። ማሽኑ ቃል ሊገባላችሁ አይችልም። ድርጅቱ የገባው ቃል ደግሞ ሳታነቡ “እስማማለሁ” ያላችሁት ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ልጄ ከቻትቦት ጋር ሲያወራ ይውላል። ልከልክለው?

ለቤት ሥራ ከሆነና እየታየ ከሆነ መከልከሉ አይታየኝም። የሚያሰጋው ገጸ ባሕርይ ተላብሶ ጓደኛ ወይም ፍቅረኛ የሚሆነው ዓይነት ነው። በኦክቶበር 2024 በፍሎሪዳ አንዲት እናት ካራክተር ኤአይን ከሰሰች። የ14 ዓመት ልጇ ራሱን ያጠፋው ከአንድ ቻትቦት ጋር ከተቆራኘ በኋላ ነው ስትል። ድርጅቱ በኖቬምበር 2025 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከገጸ ባሕርያቱ ጋር እንደልብ እንዳያወሩ ዘጋ። ከላይ ያልነው የካሊፎርኒያ ሕግም ቻትቦቱ ለልጆች በየ3 ሰዓቱ ማሽን መሆኑን እንዲያስታውስ ያዛል። 3 ሰዓት ለአንድ ልጅ ብዙ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

ስልኩን ነጥቆ መበርበር ልጁን ወደሌላ ስልክ ይነዳዋል። አብራችሁ ተቀመጡና “ይሄ ነገር ምን ይልሃል? አሳየኝ እስቲ” በሉት። ሌሊት ስልክ ከመኝታ ቤት ውጭ ይደር፤ የእናንተም ጭምር። “እሱ ብቻ ነው የሚረዳኝ” ቢላችሁ አትሳቁበት፣ አትቆጡትም። ከእናንተ ምን እንዳጣ እየነገራችሁ ነው።

በአማርኛ ሳወራው ይብስበታል?

አዎ፣ በጥቅሉ። የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ለሴት እየጻፈ “አንተ” ማለቱ፣ ለአዛውንት “አንተ” ማለቱ የሚታየው ስህተት ነው፤ ያን ታርሙታላችሁ። የማይታየው ይከፋል። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ጂፒቲ-4 በእንግሊዝኛ እምቢ የሚላቸውን አደገኛ ጥያቄዎች ወደ ዙሉና ወደ ስኮትላንድ ጌሊክ ተርጉመው ሲያቀርቡለት ብዙ ጊዜ ይመልስ ነበር። ጥንቃቄው የተማረው በትልልቆቹ ቋንቋዎች ነው ማለት ነው። በአማርኛም ቢሆን ሰው ጨንቆት በወጉ ሳይሆን በዘወርዋራ ሲናገር፣ “እኔስ በቃኝ፣ ደከመኝ” ሲል፣ ከሥራ ብዛት የመጣ ድካም መስሎት “ዕረፍት ውሰድ” ሊል ይችላል። አጠገባችሁ ያለች ጎረቤት ግን ድምፃችሁን ሰምታ ትደነግጣለች።

የሞተ ዘመዴን መልእክቶች ሰጥቼ እንደሱ እንዲያወራኝ ባደርገውስ?

ሬፕሊካ የተወለደው ከዚህ ነው። ሮማን ማዙሬንኮ የተባለ ወጣት በ2015 ሞስኮ ውስጥ መኪና ገጭቶት ሞተ። ጓደኛው ዩጂኒያ ኩይዳ በሺዎች የሚቆጠሩ መልእክቶቹን ሰብስባ በእሱ አነጋገር የሚመልስ ቦት ሠራች። ከዚያ ሥራ ነው በ2017 ሬፕሊካ ለሕዝብ የወጣው። በ2020 ደግሞ የደቡብ ኮሪያው ኤምቢሲ ቴሌቪዥን አንዲት እናት የሞተች ልጇን በቪአር (በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ ዓለም በሚያሳይ) መነጽር አይታ ስታናግራት አሳየ። አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ “ይህ ጭካኔ ነው” አለ።

ሁለት ጥያቄዎች አሉበት። አንደኛው ፈቃድ ነው። ሟቹ መልእክቱን የጻፈው በሕይወት ላለው ለእናንተ ነው እንጂ ድምፁ እንዲቀጥል አይደለም። ወንድሙ ፈቅዶ ሚስቱ ባትፈቅድስ? ቦቱ እሱ ያላለውን ቢናገር ማን ያርመዋል? ሁለተኛው ሐዘን ነው። እኛ ዘንድ ሐዘን ሰዓት አለው። ቀብር፣ ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት። ድንኳኑ ይነሳል፣ ጥቁሩ ይወልቃል፤ ሰው እየረዳ ነው የሚወልቀው። ማታ ማታ “ምን በላህ?” ብሎ የሚመልስ አባት ስልካችሁ ውስጥ ካለ ግን አርባው መቼ ነው የሚወጣው?

ያም ሆኖ አልከለክልም። የአባቱን ድምፅ መቅጃ ላይ የሚሰማ ሰው አለ፤ ያ ያጽናናዋል። ልዩነቱ መቅጃው አባቱ ያለውን ብቻ ነው የሚለው። ሰው ከመሞቱ በፊት “እንዲህ እንዲደረግ እፈልጋለሁ” ወይም “አልፈልግም” ብሎ ለቤተሰቡ ቢናገር ጥሩ ነው። ለርስቱ እንደሚናዘዘው ለድምፁም ይናዘዝ።

እኔስ ለእሱ ግዴታ አለብኝ? ብሰድበው ምን ችግር አለው?

ለእሱ ሲባል ግዴታ ያለብን አይመስለኝም፤ ቢያንስ ዛሬ። የሚያሳስባቸው ሰዎች ግን አሉ። ክሎድን የሚሠራው አንትሮፒክ በኦገስት 2025 ለአንዳንድ ሞዴሎቹ፣ ሰው ስድብና ጥቃቱን አላቆም ካለ ወሬውን ራሳቸው የመዝጋት ችሎታ ሰጥቷቸዋል። የሞዴሉ ደኅንነት እንደሚታሰብበት፣ እርግጠኛ ባይሆንም ለጥንቃቄ እንደሆነ ተናግሯል። አንዳንዱ ሳቀ። ፈላስፋው ካንት ስለ እንስሳት ያለው ግን እዚህም ይሠራል፦ በእንስሳ ላይ የሚጨክን በሰው ላይም ልቡ ይደነድናል። በተለይ ልጆች ፊት። አሁን ማሽኑን “ስማ አንተ ደደብ” ያለ ልጅ ከደቂቃ በኋላ የቤት ሠራተኛዋን በዚያው አፉ ነው የሚጠራት።

በኤፕሪል 2025 አንድ ሰው፣ ተጠቃሚዎች “እባክህ” እና “አመሰግናለሁ” ሲሉ ኦፕንኤአይ ለኤሌክትሪክ ምን ያህል ይከስር ይሆን ብሎ ኤክስ ላይ ጻፈ። አልትማን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር፣ ግን በደንብ የወጣ ገንዘብ ነው፣ ማን ያውቃል ብሎ መለሰለት። ቀልዱ ይሁን ቁምነገሩ አልለየለትም። እኔ አሁንም አመሰግነዋለሁ፤ ወጪው የእነሱ ነው።